በሙላቷ ካርድ

ኅዳር 6
ካርቱም ሁለት በሚሉት ሰፈር ሁለት ቤት ጠርጌ ገባሁ። ወገቤ አልቋል። አብራኝ የምትኖረው ሙላቷ፣ "ክሊኒኩ የማህፀን በር ምርመራ ለስደተኛ በነጻ ይሠራል። እኔ ዛሬ ናሙና ሰጠሁ፤ ነገ በካርዴ ሂጂ" አለችኝ። የስደተኛ ካርድ ያላት እሷ ናት። የምንኖርበት አል-ሳሃፋ በአንድ ካርድ ሦስት ሴቶች የወለዱበት ሰፈር ነው፤ ምን ይደንቃል?

ኅዳር 7
ሄድኩ። "ሙላቷ" ሲሉ አቤት አልኩ። ነርሷ ትናንት ሙላቷን ያየቻት አይደለችም፤ ማንም አልጠየቀኝ።

ኅዳር 27
ለሙላቷ ከክሊኒኩ ተደወለ። በሙላቷ ስም ሁለት ውጤት መጥቷል። አንዱ ነጻ። በአንዱ ኤችፒቪ የሚሉት ቫይረስ ተገኝቷል፤ አደገኛው ዓይነት። የማን?
ሙላቷ አለቀሰች። "ባሌ ተድላ ከሰማ ከሌላ ወንድ አመጣሽው ነው የሚለኝ። አንቺ ባል የለሽ... የኔ ነው በዪ።" ለመጣላትም አቅም የለኝ።

ታኅሣሥ 1
"እውነቱን ካወጣሽ ካርዴን ይቀሙኛል" ትላለች። አልተሳሳተችም። ግን ካንሰር ቢሆንስ? እዚህ አገር ማን ይቀብረኛል?

ታኅሣሥ 4
ብቻዬን ክሊኒኩ ሄጄ ለነርስ ሬሕማ ሁሉንም ነገርኳት። እናቷ ጎንደሬ ናት፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ አማርኛዋ ይሰባበራል። ትቆጣለች ብዬ ነበር።
"መዓሌሽ፣ አይዞሽ። ይሄ ካንሰር የለም። ቫይረስ ነው፣ ብዙ ሴት ይይዛል፣ ብዙው ራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ በብዙ ዓመት ካንሰር ይሆናል፤ ስለዚህ ቶሎ ማየት።"
የተድላን ነገር ጠየቅኳት።
"ከድሮ የገባ ይሆናል። ማን አመጣ፣ አይታወቅም። ያላ፣ በሉ ሁለታችሁ ኑ። ካርድ አልወስድም።"

ታኅሣሥ 9
ሙላቷን ለምኜ ይዤ ሄድኩ። ሬሕማ ለየብቻችን አዲስ ናሙና ወሰደች። ቀጥላ የማህፀናችን በር ላይ አቼቶ የመሰለ ነገር ቀብታ አየችን። የሙላቷ ንጹህ ነው። እኔ ላይ ነጭ ነገር ታየ፤ ቫይረሱ የነካው ቦታ ነው አለች። "ካንሰር እንዳይሆን አሁን እናጥፋው" ብላ እዚያው በሙቀት አቃጥላ አከመችኝ። ሆዴን ቆረጠኝ። ሙላቷ እጄን ይዛ ነበር፤ ዓይኔን ግን አላየችኝም። አልተቀየምኳትም... ትንሽ ተቀይሜያለሁ።
በዓመቱ ለክትትል መመለስ አለብኝ። ሬሕማ መዝገብ ከፍታ "ስም?" ስትለኝ ሙላቷ ልል ምንም አልቀረኝም። "ወሰንየለሽ" አልኩ። ስድስት ዓመት ካርቱም ኖሬ ስሜ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ዛሬ የመጀመሪያው ነው፤ ለዚያውም የበሽተኛ ወረቀት። ያኔ ነው ያለቀስኩት።