የማይከፈት መስኮት ለሠራኸው

የዘይነባ አባት፣ እንዴት ከረምክ አልልህም፤ የከረምክበትን አውቀዋለሁ። ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኔ አለሁ። ቤትህም አለ፣ ያውም ከእኔ በላይ ተከብሮ።

ባለፈው ሳምንት ከአስተዳደር ነን ያሉ ሰዎች መጥተው፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመው የእኛን ተርታ ቤቶች ፎቶ አነሱ። ቅርስ ነው ተባልን። ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ፣ ዓምዱ በልክ የተደረደረ፣ መስኮቱ ግራና ቀኝ እኩል የሆነ እንዲህ ያለ ቤት አሶሳ ውስጥ ሌላ የለም አሉ። ከፊት በኩል ምስማር እንዳትመቱ ብለው አስጠንቅቀውን ሄዱ። ወደ ውስጥ ግን አልገቡም።

ቢገቡ ጉድህን ያዩ ነበር። በወጣትነትህ ፒያሳ ልስን ስትለስን ያየኸውን በልብህ ይዘህ፣ በሰፈራ ከወሎ ከመጣን በኋላ ጎረቤቶቹን አሳምነህ ተርታውን በሙሉ ሠራኸው። ዓምዱ ቀርከሃ ነው፤ ላዩን ሲሚንቶ አልብሰህ ድንጋይ አስመሰልከው። ምንም አልተሸከመም። ጣሪያውን የያዘው ከኋላ የተደበቀው ባሕር ዛፍ ነው። ላዩ ፒያሳ፣ ውስጡን ለቄስ ብዬ ስቀልድብህ፣ አማርኛን ካደጉ በኋላ የለመዱት ጎረቤታችን ሐጂ ኢድሪስ ሰምተው ክፍል ለቄስ ልናከራይ መሰላቸው። "ቄስ እሷ መቼ ይገባል? አልጋ አለ እኔ ጋ፣ ውሰድ" አሉኝ፣ እንደ ልማዳቸው አንተ እያሉ። ስትስቅ ቱንቢው ከእጅህ ወደቀ።

ሳቅህ ይናፍቀኛል። ስለዚያች መኝታ ቤት ግን ይቅር አልልህም። ቤታችን የተርታው መጨረሻ ነውና፣ መስኮት ከከፈትኩበት ማዕዘኑ ይሰነጠቃል፣ ከተውኩትም ፊቱ አንድ ዓይና ይሆናል ብለህ ተጨነቅህ። ከዚያ መላ አገኘህ። ከውጭ ክፈፍ ሠራህለት፣ መዝጊያ ገጠምክለት፣ አረንጓዴ ቀባኸው። ከውስጥ ድፍን ግድግዳ ነው። ለአላፊ አግዳሚ መስኮት ሰጠህ፣ ለእኔ ግድግዳ። በአሶሳ ሙቀት ስንት ዓመት ታፍኜ ተኛሁ።

በመጨረሻ አንተም ተኛህባት። ትንፋሽ ሲያጥርህ መስኮቱን ክፈቺልኝ አልከኝ። በገዛ እጅህ የደፈንከውን ረሳኸው። ለምነህ ለምነህ ስታደክመኝ ተነሳሁና ግድግዳውን ዳስሼ፣ ከፈትኩልህ አልኩህ። "ነፋሱ ገባ፣ አልሐምዱሊላህ" አልክ። በዚያው ሄድክ። ስታታልል ኖረህ ተታልለህ ሞትክ።

አሁን ዘይነባ ልትወልድ ቀርባለች። ባሏ ጉባ ስለሚሠራ የምትታረሰው እኔ ዘንድ ነው። ሌላው ክፍላችን ሱቅ ነው፤ አልጋዋን የት እንደምዘረጋ ታውቀዋለህ። ልጄንና ልጇን እዚያ አላፍንም።

ትናንት ጠዋት ዶማ አነሳሁ። ሐጂ ኢድሪስ ሲያዩኝ ቀምተውኝ ራሳቸው ይቆፍሩ ጀመር። ቅርስ እኮ ነው፣ ትቀጣላችሁ የሚል ሰው በሩን ሞላው። እንደፈራኸውም ማዕዘኑ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ እስከ ዓምድህ ሄደ፤ ልስኑ ተላቀቀና ቀርከሃው ወጣ። ዕድሜ ልክህን የሸሸግከውን አገር ቆሞ አየው። እኔ ደስ አለኝ፤ ብትሰማው ታዝንብኝ ነበር፣ እሱም ደስ አለኝ።

የአስተዳደር ሰዎቹ ይመለሳሉ ይባላል። ድፈኚው ይሉኝ ይሆናል፣ ከቤቱ ያስወጡኝም ይሆናል። ይምጡ። ዘይነባ ግን አራስነቷን በነፋስ ትጨርሳለች።

አንተን ደግሞ አልረሳህም፤ እንድረሳህ አድርገህ አልሠራኸውማ። ዛሬ ጠዋት መዝጊያውን ገፋ ሳደርገው ነፋሱ አልጋው ድረስ ገባ። ከፈትኩልህ አልኩህ። ወደፊትም በከፈትኩት ቁጥር እንዲሁ እልሃለሁ። የሚመልስልኝ ባይኖርም፣ አሁን እውነቴን ነው።