ሻጋታው በማን በኩል ነው

ለተወደድሽው እህቴ ለኦክሬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በጥልቅ ሐዘን የምገልጽልሽ ነገር ስላለ ወንበር ፈልጊና ተቀመጪ። ለረጅም ዘመን በቅንነትና በታማኝነት ሲያገለግለኝ የኖረው የቀኝ እግሬ የላስቲክ ጫማ ዛሬ ከቁርስ በፊት በድንገት ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩም ወዳጅ ዘመድ ሳይሰበሰብ በወንድምሽ በማንቦክ ውሻ ሆድ ውስጥ ተፈጽሟል። የግራው ጫማ ደጃፉ ላይ ብቻውን ቀርቶ አላፊ አግዳሚውን ያያል። የዚያ ሰውዬ ውሻ በስድስት ዓመት ውስጥ እግሩ ረግጦት ወደማያውቀው ግቢዬ በየት በኩል እንደገባ ከታች ታነቢያለሽ።

ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ልብሽስ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ትውጫለሽ ወይስ እንደ ልጅነትሽ ከምላስሽ ሥር ደብቀሽ ከቤት ጀርባ ትተፊዋለሽ? ዕድሜሽን ሙሉ ጀርመኖችን መድኃኒት ስታስውጪ የኖርሽ ነርስ ራስሽ ስትውጪ እንዳልሰንፍ ብለሽ እንደምትበረቺ ተስፋ አደርጋለሁ። ሃርትሙት ደህና ነው? ያ ረጅም ባልሽ አሁንም በር ባለፈ ቁጥር ግንባሩን ይመታል? ልጅሽ ዶርቴና ትንሿ ኔሌስ አማን ናቸው? እኛ ክብሩ ይስፋ ደህና ነን። እኔ ቀኝ ጆሮዬ ከመደንቆሩ በቀር የጎደለብኝ የለም። በጠዋቱ ጸሎት በቀኜ የሚቀመጠው ማንቦክ ስለሆነ እሱንም ከበረከት ቆጥሬዋለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለእኔና ለማንቦክ አንድ ዓይነት መጻፍሽን ያወቅሁት ፖስተኛው ሁለቱን ፖስታ እንደ መጫወቻ ካርታ ዘርግቶ ደጄ ላይ ሲስቅ ነው። ለመኸር በዓል እንደምትመጪ፣ ሐኪሙም ከዚህ ወዲያ አውሮፕላን እንዳይታሰብ እንዳለሽ ሚስቴ ሱንዶክ አነበበችልኝ። እዚህ ድረስ በእንባም ቢሆን ሰማን። ከዚያ በኋላ የጻፍሽው ግን የእህት ነው ወይስ የዳኛ? "ሻንጣዬን የማሳርፈው አስቀድሞ ሌላውን ባናገረው ቤት ነው። ሁለታችሁም እንደተዘጋጋችሁ ከቆያችሁ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ካለው ማረፊያ አድሬ፣ የእናቴን መቃብር ብቻዬን አይቼ እመለሳለሁ" ትያለሽ። በተወለድሽበት መንደር የማረፊያ ቁልፍ ይዘሽ ልትዞሪ! ሚስቴ ሁለት ቀን ሙሉ ሾርባዬን ጨው ነሥታ ቀጣችኝ። ይባስ ብለሽ "በየቀኑ ቃሉን ታነባላችሁ፣ ያነበባችሁት የት ነው የሚገባው?" ብለሽ ጠይቀሻል። የት እንደሚገባ ልንገርሽ።

የንጋቱ ጸሎት ሲያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ባለችው ክፍል ወለሉ ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። የዕለቱ ምንባብ ይነበባል፣ የገብስ ሻይ ይቀዳል፣ ከዚያም እያንዳንዱ ሰው ቃሉን በገዛ ኑሮው ላይ እንዴት እንደሚያውለው ይናገራል። መሪያችን እትዬ ቾን ናት፤ አንድ ጊዜ ከጠራች ከባሕር ላይ ጀልባ የሚመልስ ድምፅ ያላት ያችው ቾን። ጥብቅ ናት። ማንም ሰው "እኔ" ብሎ ይጀምራል እንጂ የሌላውን ኃጢአት አያነሣም። አደርገዋለሁ የሚለውም ዛሬውኑ የሚደረግ መሆን አለበት፤ ነገ ጠዋት ትጠይቀዋለች። "ከእንግዲህ በፍቅር እመላለሳለሁ" ብትያት "ከማን ጋር? ከምሳ በፊት ነው ከምሳ በኋላ?" ብላ ታፋጥጥሻለች።

እኔና ማንቦክ ግን "እኔ" እያሉ መሳደብን ከተካንበት ቆይተናል። የቃየንና የአቤል ታሪክ የተነበበ ቀን ማንቦክ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እኔ ዛሬ ማንንም ሳልገድል እዚህ በመድረሴ ጌታን አመሰግናለሁ። ቀኑ ግን ገና ነው" አለ። የክፉዎች ጥርስ እንዲሰበር የሚለምነው መዝሙር ሲደርሰን ደግሞ እኔ ዐይን ዐይኑን እያየሁ፣ "እኔ ይህን ጸሎት ከልቤ አብሬ እጸልያለሁ" አልኩ። በሳምንቱ ሰው ሠራሽ ጥርሱ በደረቀ ዓሣ ላይ ለሁለት ተሰበረ። መንደሩ በሙሉ እኔን አየኝ። ጸሎቱ ሲሰማለት እንደዚህ የተወቀሰ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማንቦክም ጥርሱን አስጠግኖ ተመልሶ፣ "እኔ ዛሬ የምባርከው የሚረግመኝን ነው፤ አድራሻውን ስለማውቀው አልቸገርም" አለ። ያነበብነው የሚገባው እንግዲህ እዚህ ነው፤ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ።

የጠቡን ሥር አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለሃርትሙት ግን ደግመሽ ንገሪው። የአባታችን ግቢ ለሁለት ሲከፈል እናታችን የተከለችው ሎሚ መሳዩ የዩጃ ዛፍ መሐል ላይ ነበር። ወንድምሽ አንድ ሳምንት ልጄ ዘንድ ከተማ ሄጄ ስመለስ የድንጋይ ካብ ክቦ፣ ዛፉን በእሱ በኩል አስቀርቶ ጠበቀኝ። ፍሬው ሲበስል ሽታው በካቡ ላይ ዘሎ ይመጣብኛል፤ ዛፉን ግን አላየውም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት፣ በእትዬ ቾን ክብ ውስጥ ከምንወራወረው በቀር አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ታናሼ ሆኖ "ጋሼ" ሲለኝ ከሰማሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ሲያልፍ "ያ ሰውዬ" ይለኛል፤ እኔም "ያ ካብ ካቢ" እለዋለሁ።

አሁን ወደ ጫማዬ ልመለስ። ደብዳቤሽ በገባ በሳምንቱ፣ ዝናቡ ቀን ከሌት ሲወርድ፣ ንባባችን ዘሌዋውያን ላይ ደረሰ። ሁላችንም ደስ አለን። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሽፍታና ስለ ልብስ እንጂ ስለ ወንድም አይነሣም፤ ሻይ ጠጥተን ወደ ቤታችን ነው ብለን ተዝናናን። የዕለቱ ምንባብ ሻጋታ ስለያዘው ቤት ነበር፤ ካህኑ መጥቶ ያያል፣ የታመመውን ድንጋይ ያስነቅላል፣ ከከተማ ውጭ ያስጥላል።

"አቶ ማንቦክ፣ ከእርስዎ እንጀምር" አለች እትዬ ቾን።

"እኔ ቤቴን ከጣሪያ እስከ ወለል መረመርኩ፤ ጤነኛ ነው። ከሰሜን በኩል ካለው ጎረቤት በቀር።"

"'እኔ' ብለው ጀምረው በጎረቤት ጨረሱ። ሻይዎን ይጠጡ። አቶ ዳልሱ?"

እኔ ይህችን ነበር የምጠብቃት። "እኔ" አልኩ፣ "አንድ የታመመ ካብ አውቃለሁ። አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፣ ውሃ ያነባል፣ ይሸታል። ቃሉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ድንጋዩ ይነቀል ይላል። ባለ ካቡ ዛሬውኑ ይንቀለው!"

 የማንቦክ ጆሮ ጫፍ ቀላ። እትዬ ቾን ግን መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ፣ "ሻጋታው በየትኛው ፊቱ ነው?" አለችኝ።

"ፀሐይ በማያገኘው ነዋ።"

"እሱ በማን በኩል ነው?"

"በ... እኔ በኩል።"

"ታዲያ በእርስዎ በኩል ያለው ሻጋታ የማን ነው?"

"ካቡ የእሱ ነው!"

"ስለ ካቡ ማን ጠየቀዎት? ሻጋታውን ነው የጠየቅሁት። ዛሬ ከምሳ በፊት በእርስዎ በኩል ያለውን ይፍቁና ነገ ይንገሩን።"

ማንቦክ ሻዩ ትን አለው። አንቺ ኦክሬ፣ አሥር ሰው ወለል እየመታ ሲስቅብሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ግን ቃሌን የማጥፍ ሰው አይደለሁም፤ በተለይ ጠላቴ እያየ። ቤት ገብቼ የነጭ ሽንኩርት መኮትኮቻዋን አነሣሁና በዝናብ ካፖርት ካቡ ሥር ቁጢጥ አልኩ። ሱንዶክ በመስኮት፣ "እኔን ካገባህ ጀምሮ የቤት ግድግዳ ጠርገህ አታውቅም፤ የሰው ካብ ግን ትፍቃለህ" ስትል ቆየች። ስፍቅ፣ ስፍቅ፣ ሻጋታው በጥፍሬ ገባ እንጂ አልጨረስ አለ። በየድንጋዩ መሐል ያለው ጭቃ በዝናቡ ልሞ ነበርና መኮትኮቻዋ አንድ ቦታ ጠልቃ ስስባት ከሥር አንድ ድንጋይ ዱብ አለ። ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ የጎረቤቱ ጎረቤት። ካቡ ላይ የማድጋ ሆድ የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ።

ከቀዳዳው ወዲያ ማንቦክ በካናቴራ ብቻ ሆኖ ከታዛው ሥር ነጭ ሽንኩርት እየቆረጠ ተቀምጧል። ጥርሱን አውልቆ አጠገቡ ሳህን ላይ አስቀምጦታል። ከጀርባው የእናታችን ዛፍ ዝናብ እየጠጣ ቆሟል። እንዲህ ማደጉን አላውቅም ነበር። ተያየን። ወንድምሽ ያን ጊዜ ቀና ብሎ፣ "ጋሼ፣ በላህ ወይ?" አለኝ። እኔም እንደ ሹም ኮራ ብዬ "ገና ነኝ" አልኩት።

እርቅ እንዳይመስልሽ። ወዲያው፣ "ድፈነው" አለኝ ጥርሱን እያጠለቀ።

"ካቡ የአንተ ነው፤ አንተ ድፈነው።"

"ቀዳዳው የአንተ ነው! ማን ቀደደው?"

"ዘሌዋውያን።"

"አንተ ጠማማ ሽማግሌ፣ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብበው! በተነቀለው ፋንታ ሌላ ድንጋይ ይግባ፣ በጭቃም ይለሰን ይላል!"

"እሱን ለራስህ አውለው። 'እኔ' ብለህ ጀምር።"

እንዲህ ስንባባል ሚስቱ፣ ከቦሰንግ ስለመጣች ሁላችንም ቦሰንግዬ የምንላት፣ ከሾርባ ማድጋዎቿ መሐል ብቅ ብላ አንድም ቃል ሳትናገር በቀዳዳው በጨውና በበርበሬ የቆየ የፍጅል ኪምቺ በሳህን ሞልታ አሾለከች። ሱንዶክ ደግሞ ባዶ ሳህን አይመለስም ብላ በማግሥቱ የተቀቀለ ድንች ሰደደች። ከዚያ ኪምቺ፣ ከዚያ የባቄላ ሊጥ፣ ከዚያ ደረቅ ዓሣ። ሴቶቹ ቀዳዳዋን ገበያ አደረጓት። በክቡ ውስጥ እትዬ ቾን ስትጠይቀኝ "ፍቄያለሁ፣ ከሚገባውም በላይ ፍቄያለሁ" አልኩ። ማንቦክም፣ "እኔ ዝናቡ እስኪያባራ ድንጋዩን ለመመለስ እጠብቃለሁ" አለ። ዝናቡ ካባራ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ዛሬ ጠዋት ውሻው ያንን መንገድ አወቀና ጫማዬ ሰማዕት ሆነ። ካሣውን ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቀዳዳው የአንተ ነው።"

ስለዚህ እህቴ፣ ማረፊያ የምትባለዋን ከሐሳብሽ አውጪ። አሁንም እንጠላላለን፤ ነገር ግን አፍ አውጥተን ነው። ያ ካብ ካቢ ዛሬም ካብ ካቢ ነው፣ ዛፉም የእናቴ ነው፣ እሱ ሲጽፍልሽ ሌላ ቢልሽ አትመኚው። አንቺ ከሁለቱ ግቢ በአንዱ አርፈሽ ወደ ሌላው በቀዳዳዋ ትሾልኪያለሽ። የእኔ ሆድ አያልፍባትም፤ አንቺ ግን ጀርመን አገር ድንች ብቻ እየበላሽ እንደ ሸምበቆ የቀጠንሽ ስለሆንሽ ሻንጣሽን ካልያዝሽ ታልፊባታለሽ። ሃርትሙት ከመጣ ግን ግንባሩን አስቢለት።

ለሃርትሙት እጁን ጨብጠሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የላከልኝ የሱፍ ኮፍያ እስከ አገጬ ስለሚወርድ በክረምት ማንቦክን ላለማየት ጠቅሞኛል። ለዶርቴ፣ አጎትሽ አሁንም በኮሪያኛ ደብዳቤ ይጠብቃል በያት። ለትንሿ ኔሌ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጥርስ አብቅላ ከሆነም በደንብ ትጠብቀው፣ እዚህ አገር ጥርስ ላይ ይጸለያል። ሱንዶክ እንባዋን ጠርጋ ሰላም ትላለች፤ ቦሰንግዬም በቀዳዳው በኩል እጇን አውጥታ ሰላም ብላለች። እትዬ ቾን፣ "የላክሽውን ምንባብ እያነበብን ነው" በላት ብላኛለች፤ ምን ለማለት እንደፈለገች ራስሽ ፍቺው፤ የሻጋታውን ምንባብ የመረጥሽልን አንቺ ነሽ እንዴ። ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ታላቅ ወንድምሽ ዳልሱ
ሶልሜ መንደር፣ ኮሁንግ
ሐምሌ 19 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.

ተጨማሪ፦ ፖስታውን ሳላሽገው ሱንዶክ አነበበችውና፣ "በል እንግዲህ፣ አስቀድሞ ያናገረ እሱ ከሆነ ሻንጣዋ ወደ ማንቦክ ቤት ነው የሚሄደው። ይበልህ፤ ኩራትህን ታቅፈህ እደር" ብላኝ ወጣች። ስለዚህ ልናዘዝልሽ፤ አንዲት ቦታ ላይ ፈጥሬ ጽፌያለሁ። የቀረው ሁሉ፣ ጥርሱም፣ ውሻውም፣ ድንጋዩም፣ እንዳለ እውነት ነው። በቀዳዳው ተያይተን ሳለ ማንቦክ አልተናገረም። ጥርሱን አውልቆ ጉንጩ ገብቶ ሳየው አባታችን በመጨረሻው ክረምት የነበረውን ፊት መሰለኝ፤ አፌ ሳያስፈቅደኝ "በላህ ወይ?" አለ። አስቀድሞ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ቦሰንግዬ ማድጋዎቿ ዘንድ ቆማ ሰምታለች፣ ጠይቂያት። ሻንጣሽን ወደ እኔ ይዘሽ ነይ።

እሱም ቢላዋውን አስቀምጦ ብዙ ካየኝ በኋላ "ገና ነኝ፣ ጋሼ" አለኝ። ይህቺን "ጋሼ" ግን አልፈጠርኳትም።