ብርድ ልብስ የለበሰው ታንከር

ጥቅምት 9
ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት የምስክር ቃል ስመዘግብ ኖሬ፣ ጡረታዬን ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ የማኅበራችን ግሪን ሀውስ ውስጥ እያሳለፍኩ ነው። የቲማቲም ችግኝ ቢያንስ ቀጠሮ አያስለውጥም። ውኃውን እንደ ጉም የምትረጨው ሙሉመቤት ዛሬ እጄን በረደኝ አለች። ለብ ያለ ውኃ ለችግኝ ሥር ይስማማል የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር። አሮጌ ብርድ ልብሴን አምጥቼ ፀሐይ ያሞቀውን ታንከር አለበስኩት። ተጨበጨበልኝ።

ጥቅምት 21
ሙሉመቤት ትስላለች። ሊቀመንበራችን በከር መረመራት፤ ማለትም ፊቷን አየ። ብርድ ነው አለ። መስኮቶቹ ይዘጉ ተባለ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የሚያዘጋ ሕዝብ ግሪን ሀውስ ሲሰጡት ሌላ ምን ያድርግ?

ጥቅምት 24
ክሊኒክ ሄደች። ታይፎይድና ታይፈስ። በዚህ ከተማ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። በከር አዝኖ ሁለተኛ ብርድ ልብስ አመጣ።
ለታንከሩ።

ጥቅምት 27
አልመጣችም።

ጥቅምት 28
ሆስፒታል ተኝታለች፤ ኦክስጅን ተደርጎላታል። ልጠይቃት ሄድኩ። ወጣቷ ሐኪም የሙሉመቤትን ሥራ ጠየቀችኝ። እስከዛሬ ማንም አልጠየቀም ነበር። ውኃ ትረጫለች አልኩ። ከየት የመጣ? ከታንከር። ለብ ያለ ነው? ...አዎ፣ ታንከሩ ብርድ ልብስ ለብሷል። በቆመና ለብ ባለ ውኃ ውስጥ የሚራባ ባክቴሪያ አለ፣ ከጉሙ ጋር ሳንባ ይገባል አለች። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ መድኃኒቱን ቀየረች።
"ታንከሩን ማን አለበሰው?"
"ማኅበሩ።"
ሠላሳ ዓመት ሐሰተኛ ምስክር ስመዘግብ... ይኸው ራሴ።

ኅዳር 1
ጽሑፉን እንደገና አወጣሁት። ሁለተኛ ገጽ አለው። ውኃው አይቁም፣ ታንከሩ ይታጠብ፣ የሚረጭ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን...
ዋናውን ነገር ለምን ሁለተኛ ገጽ ላይ ይጽፋሉ?

ኅዳር 3
ትኩሳቷ ወርዷል። ኦክስጅኑ ተነሥቶላታል። ነገርኳት። ሐሳቡ የእኔ ነው፣ ብርድ ልብሱም የእኔ ነው፣ ግማሹን ብቻ ነው ያነበብኩት... ትሰድበኝ ይሆን?
"ጋሽ በሱፍቃድ፣ እኔ እንኳ ቤቴ ሁለት ብርድ ልብስ የለኝም" አለች።
ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 19
መስኮቶቹ ተከፍተዋል። በከር ጋቢ ደርቦ ለመጣው ሁሉ ስለ ባክቴሪያ ያስተምራል። ባክቴሪያውን ያገኘው እሱ ነው ለካ። እኔ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ባዶው ታንከር ውስጥ ገብቼ እፈትጋለሁ። ሙሉመቤት መርጨት ገና ተከልክላለች፤ ማዘዝ ግን አልተከለከለችም። ውጭ ሆና ጥጉን እንዳልረሳ አሳሰበችኝ።
"ክብ ነው፣ ጥግ የለውም" አልኳት።
ሳቀች። እጄን ከፍተጋው አቁሜ ሳሉን ጠበቅሁ...
አልመጣም።