ሳይጨፈር ከረሜላ የለም

ለምወድህ ለአባዬ፣

ከተለየኸን ይኸው አሥር ወር ሞላህ። አንተ ሁሌ የምታስቀድመው የጎረቤት ወሬ ነውና ከእትዬ ዘነበች ልጀምርልህ። ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ተደርገው ድነዋል፤ አሁን ያለ ምርኩዝ ኮሪደሩን ይመላለሱበታል። ልጃቸው መንታ ተገላገለች፤ ከከተማው ዳር ስካርቦሮ ሰፈርም ቤት ገዝታለች።

እዚያ ሳደርሳቸው ያየሁትን ብታይ አባዬ! ያ የጭምብል በዓል ሃሎዊን ደረሰ ተብሎ አንዱ ግቢው ውስጥ ከጣራው እኩል የሆነ የፕላስቲክ አጽም አቁሟል፤ ዓይኑ እየበራ ይዞራል። ጎረቤቱ ደግሞ ጭስ የሚተፋ ዘንዶ አለው። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ እትዬ ዘነበች አማተቡ።

እኛ ልጅ ሆነን ምን ነበረን? በላስቲክ የሚታሰር ጭምብል፣ ከላዩ ካፖርት፣ ለከረሜላው የትራስ ልብስ። ከላይኛው ፎቅ ጀምረን በደረጃ እየወረድን የሁሉን በር ስናንኳኳ ማንም አይከተለንም ነበር። አሁን በሕንጻችን ልጆች እንዲመጡለት የሚፈልግ ሰው መግቢያው ሎቢ ላይ ይመዘገብና የዱባ ሥዕል ይሰጠዋል፤ በሩ ላይ ይለጥፋል። ሥዕል የሌለውን በር ማንም አያንኳኳም። ወላጆች ስልካቸውን ይዘው፣ ኦቾሎኒ አለበት ወይ፣ ልጄን ያሳምመዋል እያሉ ከኋላ ይከተላሉ።

ሥዕሉን አምጥቼ ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ያንተን በር ያለ አንተ መክፈት ከበደኝ። ደግሞም ሳልነግርህ የቀረ ነገር አለ።

እዚህ በገባን በመጀመሪያው ዓመት በር ተንኳኳና ከፈትክ። ጭምብል ያጠለቁ ልጆች ከረጢት ዘርግተው ቆመዋል። አንተ ቡሄ መስሎህ እስኪጨፍሩ ጠበቅካቸው። ዝም ሲሉህ አሳዘኑህ መሰለኝ፤ አንተው ግጥሙን እያወረድክ እነሱ «ሆ!» እያሉ እንዲቀበሉህ አስተማርካቸው። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዳቦ። በዓመቱ እማዬ ከረሜላ ብትገዛልህ ከዳቦው ጋር ደርበህ ሰጠሃቸው እንጂ ጭፈራውን አልተውክም። ኮሪደሩ በ«ሆ!» ሲናጋ እኔ ከልጆቹ ተለይቼ ቀድሜ ገብቼ፣ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ ጆሮዬን እይዝ ነበር። የክፍሌ ልጆች ነበሩዋ። አንተ ሆዴን ያመመኝ ይመስልህ ነበር፤ አፍሬብህ ነው። ይቅር በለኝ።

በመጨረሻ እትዬ ዘነበች ሥዕሉን ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው ለጠፉት። የእሱ በር ነው ዛሬ የሚዘጋው? ብለው ተቆጡኝ።

ልጆቹ መጡ። ከረሜላቸውን እየወሰዱ፣ ታንክ ዩ እያሉ ሄዱ። ማንም አልጨፈረም። እኔም ጨፍሩ አላልኳቸውም።

ከዚያ ናቪድ መጣ። ያ የአፍጋኖቹ ልጅ፣ ዘጠነኛ ፎቅ የነበረው፣ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው። ጸጉሩ ሸብቷል። መሞትህን ከእናቱ ሰምቶ፣ ትንሿን ልጁን ንብ አስመስሎ አልብሶ፣ ከሌላ ከተማ፣ ከብራምፕተን ድረስ ነድቶ መጣ። እጄን ወደ ከረሜላው ሳህን ስሰድ ልጅቷን ያዝ አደረጋትና «እዚህ ቤት ሳይጨፈር አይሰጥም» አላት። ከዚያ እኔን አየኝ፤ አውርጂ እንጂ እንደማለት።

አወረድኩ አባዬ። ግጥሙን የት እንደማውቀው እንጃ፤ ለካ ጆሮዬን ይዤም ስሰማው ኖሬያለሁ። ያ ትልቅ ሰውዬና ንቧ «ሆ!» ብለው ሲቀበሉኝ እትዬ ዘነበች ከበራቸው እልልታውን አቀለጡት። እኔ የሸሸሁትን ነገር የሌላ ሰው ልጅ ይህን ሁሉ ዘመን ሳይጥለው ይዞልኝ ይኑር?

ከእንግዲህ በየዓመቱ ሥዕሉን እለጥፋለሁ፤ እኔው አወርዳለሁ። እስካለሁ ድረስ በርህ ላይ ድምፅህ አይጠፋም።

ናቪድ ሲሰናበተኝ፣ ያባትሽ ድምፅ እኛ ፎቅ ድረስ ይወርድ ነበር፣ ያንቺ ሊፍቱ ጋ ቀረ ብሎ ሳቀብኝ። ንቧ ግን አልሳቀችም። ከረሜላዋን አገላብጣ አየችና ቀና ብላ «ዳቦውስ?» አለችኝ።

ልጅህ ሰናይት