ሁለት ጊዜ የተለቀሰላቸው አባታችን

አባታችን ከአናጢ አባታቸውና የሰው ልብስ እያጠቡ ቤተሰብ ካሳደጉ እናታቸው ሰኔ 14 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከአናጢው ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ፣ ሰጋቱራ ከደጅ እስከ አልጋ ሥር የማይጠፋበት አንድ ክፍል ነበር። ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ሲሆኑ በቁመት ግን ከሁሉም መጨረሻ ነበሩ። ሴት አያታችን ይህን ሲያነሡ፣ “አባቱ ሲለካ ተሳስቶ አሳጥሮ ቆርጦት ነው” ይሉ ነበር። አባታችንም ይህን ቀልድ ከማንም ቀድመው ራሳቸው ይናገሩት ስለነበር የሚያፌዝባቸው ሰው አላገኙም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ለመቀጠል የቤተሰቡ አቅም አልፈቀደም። በ1961 ዓ.ም. በሃያ ዓመታቸው ውትድርና ተቀጠሩ። ለእግረኛ ጦር ቁመታቸው አልበቃም ተብሎ ሊመለሱ ሲሉ፣ አንድ የመገናኛ ክፍል መኮንን፣ “ሽቦ ለመዘርጋት መሬት ላይ መዳህ እንጂ ሰማይ መንካት አያስፈልግም” ብለው ወሰዷቸው። የሜዳ ስልክ መስመር ዘርጊ ሆነው ሠለጠኑ።

ሥራው በጥንድ የሚሠራ ነበር። አንዱ የሽቦውን ጥቅል ተሸክሞ ይዘረጋል፤ ሌላው ዛፍ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ያንጠለጥላል። ለአባታችን የደረሳቸው ጓደኛ በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ የረዘመው ልጅ ነበር። ሰው ሁሉ “ረጅሙ” ይለዋል፤ እኔም በዚሁ እጠራዋለሁ። በሃያ ሁለት ዓመቱ ስለቀረ አንቱ ለማለት አፌ አልታዘዝ ብሎኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዩ ወታደሮቹ “አንድና ግማሽ መጡ” ይሉ ነበር። አባታችን ስለ ውትድርና ደስ ብሏቸው ሲያወሩ የምንሰማው የእነዚያን አራት ዓመታት ብቻ ነው።

ኅዳር 3 ቀን 1965 ዓ.ም. ከወንዝ ማዶ የቀረ አንድ የሻምበል ጦር የስልክ መስመሩ በመድፍ ተቆረጠበት። “አንድና ግማሽ” የተባሉት ሁለቱ ሽቦ ይዘው ተላኩ። ረጅሙ ኮቱ በውኃ ከብዶ እንዳይጎትተው አውልቆ በሸሚዝ ገባ። ገና ወንዙን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሻገሩ ተመታ። አባታችን በእጥፍ የሚበልጣቸውን ሰው ከውኃ ጎትተው አወጡ፤ በጀርባቸው አዝለው፣ እግሮቹ መሬት እየጠረጉ፣ አምቡላንስ ድረስ አደረሱት። ይንቀጠቀጥ ስለነበር የራሳቸውን ኮት አውልቀው አለበሱት። ኮቱ ወገቡ ላይ እንኳ አልደረሰም። ከዚያ ወደ ወንዙ ተመለሱ። በሦስት ቀን ውስጥ መስመሩ ሰባት ጊዜ ተቆርጦ ሰባት ጊዜ ቀጠሉት። ማዶ የነበረው ሻምበል ቁስለኞቹን ይዞ የወጣው በዚያ ስልክ ነው። የሻለቃው አዛዥ ለጀግንነት ሜዳልያ አጭተው ጻፉላቸው።

ስሕተቱ የገባው በኮቱ በኩል ነው። በየወታደሩ ኮት አንገት ውስጥ የባለቤቱ ቁጥር በክር ይሰፋ ነበር። ሆስፒታል ሲደርስ ረጅሙ ራሱን አያውቅም። ነርሷ አንገቱን ገልጣ ያየችውን ቁጥር ጻፈች። ቁጥሩ የአባታችን ነው። ኅዳር 24 ቀን ረጅሙ ሳይነቃ በአባታችን ቁጥር ሞተ፤ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው የወታደር መቃብርም በአባታችን ቁጥር ተቀበረ። ለአያታችን የሞት ቴሌግራም ደረሳቸው። ሱቁ ተዘጋ፤ ሴት አያታችን ጥቁር ለበሱ፤ አናጢው አያታችን መዶሻ ሳያነሡ ከረሙ።

ጥር ላይ አባታችን ፈቃድ አግኝተው ቤታቸውን አንኳኩ። እናታቸው ከፍተው አይተው በሩን መልሰው ጠረቀሙባቸው። ወዲያው ደግሞ ከፍተው ፊታቸውን፣ ጆሯቸውን፣ እጃቸውን እየዳበሱ፣ “ታዲያ እኔ ሁለት ወር ሙሉ ያለቀስኩት የማንን ልጅ ነው?” ብለው ጠየቁ። አባታችን መልሱ ያኔውኑ ገባቸው፤ ደጃፉ ላይ ተቀመጡና እሳቸውም አለቀሱ።

በበነጋው ወደ ሠራዊቱ መዝገብ ቤት ሄደው የሆነውን አስረዱ። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ ግን ስሕተት ተገኘ ቢባል የሚጠየቅ ሰው ይኖራል ብሎ ፈራ። “ሞቷል” የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ “ድኖ ተመልሷል” ብሎ ጻፈና ማኅደሩን ዘጋ። ወይ ፍርጃ! በዚህች አንድ መስመር አባታችን ወንዙ ውስጥ በነበሩባቸው ቀናት ሆስፒታል የተኙ ሰው ሆኑ። የሜዳልያው ጥያቄ ሲደርስም “ግለሰቡ በተጠቀሱት ቀናት ሕክምና ላይ ስለነበሩ ተቀባይነት የለውም” ተብሎ ተመለሰ። የባሰው ግን የረጅሙ ነው። በስሙ የገባ ቁስለኛ የለም፤ በስሙ የተቀበረ የለም፤ ስለዚህ በማኅደሩ ላይ “ከግዳጅ ኮብልሏል” ተብሎ ተጻፈበት።

የረጅሙ እናትና እህት በጎረቤት ከተማ ይኖሩ ነበር። አባታችን ሄደው የዓይናቸውን ነገሯቸው። እናቱ አመኗቸው። ጎረቤቱ ግን ያመነው ወረቀቱን ነው፤ ለኮበለለ ሰው ማን ለቅሶ ይደርሳል? እናቱ ጥቁር ሳይለብሱ፣ ድምፅ አውጥተው ሳያለቅሱ ቀሩ። ለአባታችን ያሏቸው አንድ ቃል ነው፦ “በወረቀት የወሰዱብኝን ልጅ በወረቀት ይመልሱልኝ።” አባታችን እሺ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው በሙሉ በዚያች እሺ ላይ የተሠራ ነው።

በዚያው ዓመት አዲስ ኮት ለመረከብ ወደ ልብስ ግምጃ ቤት በሄዱ ጊዜ፣ ቁጥር ትሰፋ የነበረች ወጣት ገና ያልታረመውን ዝርዝር አይታ፣ “ለሟች ኮት አይሰጥም” አለቻቸው። በ1967 ዓ.ም. ተጋቡ፤ እናታችን ናት። አባታችን አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ “ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ ስፌትሽ ላላ ቢል ኖሮ ቁጥሩ ወንዝ ውስጥ ይቀር ነበር” እያሉ ይነዘንዟት ነበር። እናታችንም፣ “የእኔ ስፌት ባይጠብቅ አንተ እዚህ ቤት ትቆይ ነበር?” ትላቸዋለች። ከዚህ ትዳር ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጆች ወልደው አሳድገዋል።

በ1970 ዓ.ም. ከሠራዊቱ በክብር ተሰናብተው በስልክ መሥሪያ ቤት የመስመር ጥገና ሠራተኛ ሆኑ። ጡረታ እስከወጡበት 2001 ዓ.ም. ድረስ ፒንሳ ከኋላ ኪሳቸው፣ ናስትሮ ከእጅ አንጓቸው አልተለየም። መሰላሉ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ያጥራቸው ስለነበር ጫፉ ላይ በእግር ጣቶቻቸው ቆመው ይሠሩ ነበር። ጠግነው ሲጨርሱ ደውለው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ “ይሰማል?” ይሰማል ካልተባሉ አይወርዱም። ቤትም እንደዚሁ ነበሩ። ተኮራርፈን የተኛን ልጆች ካለን ሳያስታርቁ አያድሩም።

በየዓመቱ ኅዳር 24 ቀን ወደ ሆስፒታሉ መቃብር ይሄዳሉ። የራሳቸው ቁጥር የተቀረጸበትን የብረት ሰሌዳ ዝገቱን አራግፈው፣ አረሙን ነቅለው ይመለሳሉ። የት ነበሩ ሲባሉ፣ “ራሴን ጠይቄ መጣሁ” ይሉ ነበር። እኛ ልጆች እንስቃለን፤ እናታችን አትስቅም።

ማመልከቻ የጻፉት አሥራ አራት ጊዜ ነው። መዝገብ ቤቱ ለሌላ ሰው ማመልከት አይፈቅድም፤ ያለው ቅጽ “የራስን ሜዳልያ ስለማስመዝገብ” የሚል ብቻ ነበር። ስለዚህ ሜዳልያ እየጠየቁ ጓደኛቸውን ይፈልጉ ነበር። ሆስፒታል የተኛው እሳቸው አለመሆናቸው ከታመነ፣ የተኛው ማን ነበር የሚለው ይከተላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እግራቸው እስኪቀጥን ቢመላለሱ ጆሮ የሰጣቸው አልነበረም። አንዱ ነገ ይላቸዋል፤ ሌላው አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው ይላቸዋል፤ አንዱማ፣ “አባት፣ ሜዳልያ አይበላ፣ ምን ያደርግልዎታል?” ብሏቸዋል።

እኔም ከእነሱ አልተሻልኩም። ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ልጃቸው ነኝ። ቤተሰቡ በሦስተኛ ሰው ጻፊ ብሎኝ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን መደበቅ አልቻልኩም። በ1998 ዓ.ም. የምሠራበት ቢሮ ከመዝገብ ቤቱ ሁለት በር አልፎ ነበር። አባቴ ዘጠነኛውን ማመልከቻ በእጄ ሰጡኝ። ስለ ረጅሙ ስንት ጊዜ ነግረውናል፤ እኔ ግን የሰማሁት ሜዳልያውን ብቻ ነው። ለአንድ ቁራጭ ብረት ሽማግሌ እንዲህ ሲለምን አፈርኩባቸው። ፖስታውን መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ፣ ሲጠይቁኝ “ገብቷል፣ መልስ እንጠብቅ” አልኩ። አሥራ አራት ወር ተቀመጠ። በአሥራ አራተኛው ወር የረጅሙ እናት ሞቱ፤ በቀብራቸው ላይ የተገኘው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። አባቴ ከዚያ ሲመለሱ ፖስታውን አውጥቼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝና፣ “አንቺም መዝገብ ቤት ሆንሽብኝ?” አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በ2013 ዓ.ም. ወደ መዝገብ ቤቱ አዲስ የተመደበች ሠራተኛ አባታችንን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። የድሮውን የሆስፒታል መዝገብ ከምድር ቤት ፈልጋ አወጣች። የቁስለኛው ቁመት አንድ ሜትር ከሰማንያ ስድስት ይላል። አባታችንን ግድግዳ አስደግፋ በማስመሪያ ለካቻቸው፤ አንድ ሜትር ከስልሳ አንድ። “አባባ፣ ሰው ሲያረጅ ያጥራል፤ ሃያ አምስት ሳንቲም ግን አያጥርም” አለቻቸው። አባታችን ማጠራቸው ሲጠቅማቸው ያ የመጀመሪያው ነበር፤ እየሳቁ ገብተው ነገሩን፤ ነግረውን ሳይጨርሱ ሳቃቸው ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት ፈጀ። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ የአገልግሎት ማኅደራቸው መስተካከሉን፣ ሜዳልያውም እንደሚገባቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰ። ቤተሰቡ እልል አለ። አባታችን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው ጀርባውን ገለበጡና፣ “ያኛውስ?” አሉ። ለሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ሁለት ጊዜ ቢጠሩም፣ “የሁለታችንም ሳይደርስ አልሄድም” ብለው ቀሩ።

በዚያው ዓመት ክረምት የልብ ድካም ጠናባቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከታኅሣሥ ጀምሮ ከሆስፒታል አልጋ አልወረዱም። ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። “ኮብልሏል” የሚለው ተሰርዞ “በግዳጅ ላይ ቆስሎ ኅዳር 24 ቀን 1965 ዓ.ም. ሕይወቱ አልፏል” ተብሎ ተተክቷል። ጆሯቸው ደክሞ ስለነበር ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። “ይሰማል?” አልኳቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ “ይሰማል” አሉኝ። ቀጥለው የጠየቁት ሜዳልያውን አይደለም፤ ከረጅሙ አጠገብ የመቃብር ቦታ እንድለምንላቸው ነው። የዚህን ማመልከቻ ፖስታ በዚያው ቀን አደረስኩ።

ደብዳቤውን ለረጅሙ እህት ይዤ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው፣ “አሁን ማልቀስ ይቻላል ማለት ነው?” ብለው ጠየቁኝ።

አባታችን የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር የሚቆጠሩትን የረጅሙን እህት ትተውልናል።

አሁን በቆማችሁበት ቦታ ሁለት ሰሌዳዎች ታያላችሁ። አዲሱ የረጅሙ ነው፤ በራሱ ስምና በራሱ ቁጥር። አሮጌው አምሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ራስጌ ሲጠብቅ የኖረው የአባታችን ነው፤ ዛሬ ጠዋት ወንድሜ በአባታችን ፒንሳ ፈቶ ወደ ባለቤቱ አምጥቶታል። ለአባታችን እናታቸው አንድ ጊዜ አልቅሰውላቸዋል፤ ያ እንባ የረጅሙ ሆኖ ተገኝቷል። የረጅሙ እናት ግን ሳያለቅሱ ሄደዋል። ስለዚህ ለቀብር የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ዛሬ የምታለቅሱት ለሁለት ሰው መሆኑን እወቁልን። እህቱን አታባብሏቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያልቅሱ።

ፈጣሪ አባታችንን ከጓደኛቸው ጎን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለሁለቱም የማይቆረጥ ዕረፍት ይስጥልን።