አውድማው ላይ ኔትወርክ የለም

መካነ ኢየሱስ፣ ታኅሣሥ 8

ጠዋት የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫ መተግበሪያችን የሚሠራበትን ኩበርኔትስ የተባለ ሶፍትዌር ፈተሽኩ። ኮንቴይነር የሚባለው የፕሮግራሙ ክፍል ሲወድቅበት ራሱ በምትኩ ሌላ ማስነሣት አለበት። ይህን ለማየት ደህና የሚሠራውን አንዱን ሆን ብዬ አጠፋሁት።

አባባ አጠገቤ ነበሩ። ያደረግሁትን ስነግራቸው ደነገጡ።

«ምን በወጣው? ደህናውን ይገድሉታል?»

«ግድ የለም አባባ፣ ራሱ ይነሣል» አልኳቸው።

ዓይኔን ግን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። ወዲያው ምትኩ ተነሣ፤ ትኬት የሚቆርጥ አንድም ሰው አላወቀም። ደስ አለኝ።

«እንግዲያ ራሱን ከቻለ ተነሥ፤ ገብሱ አልተወቃም» አሉኝ።

አውድማው ላይ ኔትወርክ የለም። በሬ እየነዳሁ ስልኬን ደጋግሜ አወጣለሁ። አባባ መንሹን ተደግፈው አዩኝ።

«ራሱ ይነሣል አላልከኝም?»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ገብሱን ወቅተን ጨረስን። ቤት ገብቼም ስልኬን እስካሁን አላየሁትም። ይቺን ጽፌ ስጨርስ ግን…