ማንም ያልሞተበት ጥሩምባ

ውድ ሳዲቅ፣

ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ፣ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሰው አልጠራም። አስፋልቱን ስሻገር እጄን ሊይዘኝ የሚመጣ ካለ አስለቅቀዋለሁ። ከጫካው በር እስከ ላይኛው ጽድ ድረስ ሳላርፍ እወጣለሁ። ይሄን አንተም ታውቃለህ፤ ሳይክልህን እየገፋህ ከኋላዬ ስታለከልክ ስንት ጊዜ ቆሜ ጠብቄሃለሁ። የእድራችንን ጥሩምባም እስካለፈው ሳምንት ድረስ የምነፋው እኔ ነበርኩ። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው ራሴ ነኝ፣ ከጀመርኩት ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ፊደሉ ተንጋዶ ብታየው አትሳቅ። ብትስቅም ለብቻህ ሳቅ፣ ለእናትህ ለሰኪና እያሳየህ አይሁን።

አስቀድሜ ዋናውን ልንገርህና ልብህ ይረፍ። ጫካው ተርፏል። መጋዘን አይሆንም፣ የከባድ መኪና ማቆሚያም አይሆንም። ከእንግዲህ የሚያስተዳድረው እድራችን ነው፤ የሳይክሉን መንገድና ነጂዎቹን የምትይዘው እህትህ ሒክማ ናት። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አላምን ብዬ በጣቴም ዳስሼዋለሁ። ወራቤ ቁጭ ብለህ «ምን ደረሰ ይሆን» እያልክ እንቅልፍ ያጣህ እንደሆነ ዛሬ ተኛ።

እንዴት እንደተረፈ ለመንገር ግን ያጠፋሁትን መናገር አለብኝ።

መጀመሪያ የመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ? ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። ባሕር ዛፉ ለቦይለር ማገዶ ተብሎ ሲተከል ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ ፋብሪካው ሄደ፣ ዘበኛውና ቁልፉ ቀረን። አንተ በሰቃ ካለው የሳይክል መጠገኛህ አራት ልጆች አስከትለህ በበሩ ገባህ። ዱላዬን አንስቼ መጣሁብህ። ልጆቹ ሸሹ፤ አንተ ግን ሳይክልህን መሬት ላይ አጋድመህ ቆምክና «አባባ፣ የማይነካው ዛፍ የቱ ነው? ያሳዩኝ» አልከኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ዞርን። ይሄን ጽድ አትንካ፣ ይሄን ወይራ አትንካ፣ እዚህ ጋ ጅግራ ትጥላለች አልኩህ። አንተም መንገዱን እነሱን እያዞርክ ሠራኸው። ከከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆብ ደፍተው የሚመጡት ልጆች መንገዱ እንዲያ የሚጠማዘዘው ለጨዋታ ይመስላቸዋል። በእኔ ዛፎች ምክንያት መሆኑን የምናውቀው እኔና አንተ ነን።

እንግዲህ ጥር ላይ የሆነውን ልናገር። የሳይክል ማኅበርህ የጫካ ውል አለቀ፣ «ሕጋዊ ሰውነት ያለው የአካባቢ ማኅበር ካልተረከበው ቦታው ለሌላ ጠያቂ ይቀርባል» ተባለ። አንተም ብልህ ነህ፣ እድሩን አሰብክና ስብሰባችን ላይ መጣህ። ድንኳናችን የሚቆምበት ቋሚ እንጨት ከየት የተቆረጠ ነው ብለህ ስትጠይቅ ሽማግሌው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ሊያልቅ ነበር። ከዚያ እስክርቢቶህን ከደረት ኪስህ አወጣህና በሰው ሁሉ ፊት ለእኔ ዘረጋህልኝ። «የመጀመሪያውን ስም አባባ ይጻፉልን። የጫካው ባለቤት እሳቸው ናቸው» አልክ።

ልታከብረኝ ነው። አውቃለሁ፣ ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

ሳዲቅ፣ እኔ መጻፍ አልችልም ነበር። ጨርሶ አይደለም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከባለቤቴ ከወርቅነሽ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እሷ ቀጠለች፣ እኔ «ሥራ አለብኝ» ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ወረቀት ሲመጣ እሷ ታነባለች፣ እኔ መነጽር እንደጠፋበት ሰው ኪሴን እደባብሳለሁ። አርባ ዓመት እንዲህ ሸፈነችኝ። እሷ ካረፈች ወዲህ ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ የመጣብኝ ይመስለኛል። ፊደሉን እለየዋለሁ፣ ግን አንዱን ስም ለመጻፍ ጊዜ ይፈጅብኛል። ያን ሁሉ ዓይን ሳይ ደሜ ፈላ። «የልጅ መጫወቻ ነው! እግር ያለው ሰው በሁለት ጎማ ዛፍ መሃል ምን ያደርጋል!» ብዬ ጮኼ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ተከትለውኝ ወጡ፣ ሰው ጎደለ፣ ስብሰባው ፈረሰ። ቤቴ ስደርስ እስክርቢቶህ እጄ ውስጥ ነበር።

ሌላም አለ። በሳይክሉ መንገድ፣ ከቦዩ ላይ ያለችውን ትንሿን ድልድይ የነቀልኳት እኔ ነኝ። ጎርፍ ነው ብለህ ነበር። በጥር ምን ጎርፍ አለ? እያወቅህ ነው እንዴ ዝም ያልከኝ?

መጋቢት ላይ ደግሞ እናትህ ታማብህ ወደ ወራቤ ከመሄድህ በፊት ልትሰናበተኝ መጣህ። ቤት ነበርኩ። በሩን ሦስቴ አንኳኳህ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ዋጥኩ።

ከዚያ ግንቦት ገባ። ሐሙስ ከሰዓት ሒክማ እጇ ግራሶ በግራሶ ሆኖ፣ የሳይክል ጎማ ከመነዳሪ ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች እየሮጠች መጣች።

«አባባ፣ ነገ ነው እኮ! ምን አስበዋል?»

«ምኑ?»

«የጫካው ነዋ! በሩ ላይ የተለጠፈውን አላነበቡትም? ሦስት ሳምንቱ ነው!»

ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ በር ስገባና ስወጣ ነበር። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ብዙ መስመር ነው፤ ፊቴን አዞርኩ።

«አንብቤዋለሁ» አልኳት።

«ታዲያ ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት የእድሩ ቃለ ጉባኤ ካልገባ እንደሚያበቃለት አውቀው ነው ዝም ያሉት?» አለችና አየችኝ። ያን አስተያየት ባላይ ደስ ባለኝ።

እድሩ የሚሰበሰበው በወር አንዴ እሑድ ነው። የሰፈሩን ሰው ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ግማሹ ገና ሳይነጋ ቱሉ ዲምቱ ለሚኒባስ ተሰልፏል፣ ግማሹ ቃሊቲ ፋብሪካ ገብቷል። ከየቤቱ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያወጣ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም እኔ ቤት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። በሕጋችን ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ለሌላ ለምንም አይነፋም። አርባ ዓመት ነፍቼዋለሁ፣ ለወርቅነሽም ራሴ ነፍቻለሁ፤ «ዛሬስ ሌላ ሰው ይንፋ» ሲሉኝ እምቢ ብዬ።

ዓርብ ገና ሳይነጋ፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይበተን ወጣሁና ነፋሁት።

የሰው ስም ግን አልጠራሁም። በሰው ስም አልዋሽም። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ፣ ወደ እድሩ ግቢ ውጡ!» ብቻ ነው ያልኩት። በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ። ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ወጣ። ለሥራ የለበሰው ከእነቦርሳው መጣ። አስካለች፣ ያቺ በርበሬ ነጋዴዋ፣ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ፣ አንዱ ጫማዋ ተበጥሶ፣ እያነባች ደረሰች።

«ማነው? ጋሼ፣ ማነው የሞተው? እህቴ ናት አይደል?»

«ማንም አልሞተም አስካለች።»

«እንዴት ማንም አልሞተም?»

«አልሞተም አልኩሽ፤ ሁሉም ደኅና ነው።»

 ግቢው ሙሉ ጮኸብኝ! የእድሩ ዳኛ የሺዋስ ፊቱ ቀልቶ «ጋሽ ገብረጻድቅ፣ ጤናም የለዎት? የሬሳ ጥሩምባ እኮ ነው!» አለ። አንዱ ቦርሳ የያዘ «ሰርቪስ አመለጠኝ!» ይላል። ከኋላ ደግሞ አንዱ «የሚኒባስ ክላክስ አደረጉት እኮ!» ሲል ጥቂቱ ሳቀ፣ ጥቂቱ ተሳደበ።

እኔ የድንኳኑ ዕቃ የሚቀመጥበት ደረጃ ላይ ወጣሁ። ስለ ጫካው ልናገር አስቤ ነበር። አፌ ግን ሌላ አወጣ።

«ባለፈው ጥር ረግጬ የወጣሁት በሳይክሉ አይደለም» አልኳቸው። «መጻፍ ስለማልችል ነው። ሳዲቅ እስክርቢቶ ሲሰጠኝ አፈርኩ። እሱን አሳፍሬ ወጣሁ። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ካልፈረምን ጫካው ከእጃችን ይወጣል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጥሩምባውንም ውሰዱት።»

ይሄን ተናግሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ቆምኩ። አልተከፈተችም። ይልቅ ዘአማኑኤል፣ ያ ባቡር ጣቢያ የሠራው ጓደኛዬ፣ በከዘራው መሬቱን መታና፣

«ቆይ፣ ቆይ። እኔ የወጣሁት አንተ ስለወጣህ ነው። አንተ መጻፍ አቅቶህ ከሆነ የወጣኸው፣ እኔ በምን ምክንያት ነው የወጣሁት?» አለ።

«እኔስ?» አለ ሌላው። «እሱ ያወቀው ነገር አለ ብዬ እኮ ነው!»

ሳዲቅ፣ የዚያን ቀን የተሳቀውን ሳቅ ብትሰማው! አስካለች እንባዋ ሳይደርቅ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሰው በሞት ጠርተኸው ሞት ሲያጣ እንዴት እንደሚሆን አይቼ አላውቅም ነበር። ሁሉም የራሱን ሰው በልቡ ቀብሮ ነው የወጣው፤ ማንም እንዳልሞተ ሲገባው የተጣላው ሁሉ ይቅር ይባባል ጀመር። ያን ጊዜ አንድ ቅርንጫፍ ብጠይቃቸው ጫካውን በሙሉ ይሰጡኝ ነበር። የሺዋስ ራሱ፣ ቁጣው ሳይበርድ፣ «እንግዲህ ከወጣን አይቀር እጅ አውጡ» አለ። ከግማሽ በላይ ተገኝቷል፣ ሁሉም አወጣ።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ጽፎ ሲጨርስ የጣት ቀለም ወደ እኔ ገፋ አደረገው፣ ከደግነት ነው። መለስኩለትና ያንተን እስክርቢቶ ከኪሴ አወጣሁ። የእኔና የአባቴ ስም አሥራ አራት ፊደል ነው። ግቢው ሙሉ ቆሞ ጠበቀኝ። አሥረኛው ላይ ቆም ስል አስካለች በአንድ እግሯ ቆማ፣

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ የሚቀበር ሰው የለብንም» አለች።

ጨረስኩት።

ከየሺዋስና ከሒክማ ጋር ወረቀቱን ይዘን ከአምስት ሰዓት በፊት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደረስን። የተቀበለችን ሚራክል የምትባል ባለሙያ ናት፤ በዕድሜ የልጅ ልጄ ትሆናለች። ወረቀቱን ስታገላብጥ «ይሄ ሁለት መስመር የያዘው ፊርማ የማን ነው?» አለች።  «የእኔ ነው» አልኳት አንገቴን ቀና አድርጌ። «አባባ፣ የሚነበብ ፊርማ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» ብላ ማኅተሙን አሳረፈችበት። የአምስት ዓመት ውል ነው። ለድንኳን የሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ ጽዱና ወይራው እንዳይነካ ተጽፏል፣ ሒክማ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ።

እድሩም ቀጣኝ። ጥሩምባው እስከ መስከረም ድረስ የሺዋስ ቤት ነው። ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን ግን ልንገርህ፣ ቀሎኛል። አርባ ዓመት ሙሉ በነፋሁ ቁጥር የሆነ ሰው ቤት ይፈርስ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ነፋሁትና ሁሉም ወደ ቤቱ በሰላም ተመለሰ።

አሁን ያለብኝን ዕዳ ልንገርህ፤ ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም።

የአስካለችን ጫማ ራሴ እሰፋዋለሁ፤ ክሩን ሰም ቀብቼ አዘጋጅቻለሁ። የድልድዩ ጣውላ ከቤቴ ጀርባ ቆርቆሮ ሥር ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ በነበረበት እመልሰዋለሁ፤ ሒክማ «ልጆቹ ይሥሩት» ብትል አልሰማትም። ለእሷም ያን ወረቀት እንዳላነበብኩት ፊቷ ቆሜ እነግራታለሁ። ከጠረጠረችም ትስማው። ወርቅነሽ መቃብር ላይ የተጻፈውን እስከ ዛሬ ጨርሼ አላነበብኩም፤ ሰው ሲኖር ያነበብኩ መስዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቻዬን ሄጄ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ ስንት ሰዓት ቢፈጅም።

አንዱ ዕዳ ያንተ ነው፣ በደብዳቤ አይከፈልም። የሰኔ ጾም ሳይገባ ወራቤ እመጣለሁ። መናኸሪያ ሰው አትላክብኝ፣ ጠይቄ አገኘዋለሁ፤ የአውቶቡሱን ታፔላም አነባለሁ። እስክርቢቶህን በእጄ ይዤልህ እመጣለሁ። ቀለሟ ሊያልቅ ነው፣ አብዛኛውን በዚህ ደብዳቤ ጨረስኩት። በርህን ሦስቴ አንኳኳለሁ። ውስጥ ሆነህ ዝም ብትለኝም አልቀየምም።

አራተኛ አንኳኳለሁ።

ገብረጻድቅ ወልደገብርኤል
ከአቃቂ፣ በራሱ እጅ